ባለገመድ ኢርፎን ወይስ ብሉቱዝ? ለዕለት ተዕለት ማዳመጫ የአመራረጥ መመሪያ

ኢርፎን ሊገዛ ሱቅ የገባ ሰው መጀመሪያ የሚጠይቀው «የቱ ነው ድምፁ የሚያምረው?» ብሎ ነው። ዋጋቸው በሚቀራረብ ዕቃዎች መካከል ግን የድምፁ ልዩነት የሚታሰበውን ያህል አይሰፋም። በሰፊው የሚለያዩት በሚበላሹበት ቦታ ነው። ባለገመዱ ገመዱ ይበጠስበታል፣ ብሉቱዙ ባትሪው ያረጅበታል። የተበጠሰ ገመድ ይበየዳል፤ ያረጀች የኤርፖድ ባትሪ ግን አብዛኛውን ጊዜ ዕቃውን ይዛው ትሄዳለች። ስለዚህ ከገንዘቡ በፊት ስልኩን፣ የሚደመጥበትን ቦታና የሚሠራበትን ሥራ ማየት ይሻላል።

ብሉቱዝ ስንል ሦስት ዓይነት ነው፦ ሁለት ነጠላ ፍሬ ከነኬዙ (ኤርፖድ የሚባለው፣ የማንም ሥሪት ቢሆን)፣ አንገት ላይ የሚንጠለጠለው፣ እና ጆሮን የሚሸፍነው ትልቁ ሄድፎን። የሦስቱ ጠባይ አንድ አይደለም፤ በየቦታው እንለያቸዋለን።

የስልኩ ቀዳዳ

ስልኩ ክብ የ3.5 ሚሊ ሜትር ቀዳዳ ካለው ነገሩ ቀላል ነው። በአገራችን በብዛት ከሚሸጡት የቴክኖ፣ የአይቴልና የኢንፊኒክስ ስልኮች ብዙዎቹ ይህ ቀዳዳ አላቸው። አፕል እ.ኤ.አ. በ2016 ከአይፎን 7 ጀምሮ አስቀርቶታል፤ ሳምሰንግም በጋላክሲ ኤስ ስልኮቹ በ2020 ከኤስ20 ጀምሮ አስቀርቶታል።

ቀዳዳ ለሌለው ስልክ የዩኤስቢ ሲ መቀየሪያ ይሸጣል፤ ችግሩ ግን መቀየሪያው ሁለት ዓይነት ሆኖ ከውጭ ሲታይ አለመለየቱ ነው። አንደኛው ውስጡ ትንሽ ቺፕ አለው፤ ከስልኩ የሚመጣውን ዲጂታል መረጃ ወደ ድምፅ የሚለውጠው እሱ ነው። ሌላኛው ሽቦ ብቻ ነው፣ ምንም አይለውጥም፤ የሚሠራው ድምፁን ራሳቸው ለውጠው በዩኤስቢው በሚያወጡ ስልኮች ላይ ብቻ ነው። ከኤስ20 ወዲህ ባሉት የጋላክሲ ኤስ ስልኮች ላይ ብትሰኩት ዝም ይላል። ሻጩ «ለሁሉም ይሆናል» ቢላችሁም ገንዘብ ከመክፈላችሁ በፊት በራሳችሁ ስልክ ሰክታችሁ ሞክሩት። ቺፕ ያለው የአፕል መቀየሪያም ቢሆን በአንዳንድ አንድሮይድ ስልኮች ላይ ድምፁ እጅግ ዝቅ ይላል።

አይፎን 15 እና ከዚያ በኋላ የመጡት ዩኤስቢ ሲ ናቸው፤ የቀደሙት ላይትኒንግ ይፈልጋሉ። ርካሽ የላይትኒንግ ኢርፎን ሰክታችሁ ሻጩ «ብሉቱዙን አብሩት» ካላችሁ፣ ገመዱ የሚያመጣው መብራት ብቻ ነው፤ ድምፁ በብሉቱዝ እየመጣ ነው። የገመዱንም የብሉቱዙንም ችግር ደርቦ የያዘ ዕቃ ስለሆነ አትግዙት።

ሌላ ብዙ ሰው የሚያሳስት ነገር አለ። ኢርፎኑን ስትሰኩ የዘፋኙ ድምፅ ጠፍቶ ሙዚቃው ብቻ ከሩቅ የሚሰማ ከሆነና የማይኩን ቁልፍ ስትጫኑ ድምፁ ከተስተካከለ፣ ኢርፎኑ አልተበላሸም። ወይ ወፍራም የስልክ ሽፋን ጃኩን እስከ መጨረሻው እንዳይገባ ከልክሎታል፣ ወይ ደግሞ የጃኩ የማይክና የግራውንድ (የጋራው መመለሻ ሽቦ) ቀለበት ቦታ ከስልካችሁ ጋር ተለዋውጧል። ባለማይክ ጃክ በሁለት ዓይነት አሠራር ሲመረት ነበር፤ የድሮው ዛሬም በአንዳንድ ርካሽ ዕቃ ላይ ይገኛል። ሽፋኑን አውልቃችሁ ካልተስተካከለ ሌላ ኢርፎን ምረጡ።

ድምፁ

በአንድ ዓይነት ዋጋ ባለገመዱ የተሻለ ድምፅ ቢሰጥ አይገርምም፤ ገንዘቡ በሙሉ የሚሄደው ለድምፅ ማጉያዋና ለገመዱ ነው። በብሉቱዙ ያው ገንዘብ ለሦስት ባትሪ፣ ለቺፕ፣ ለማይክና ለኬዝ ይከፋፈላል። ርካሽ ኤርፖድ ብዙ ጊዜ ባሱ የሚጮህና የሚያጉረመርም የሚሆነውም ለዚህ ነው፤ ጉድለቱ በባስ ይሸፈናል።

ብሉቱዝ ድምፅን ጨምቆ ስለሚልክ ጥራት ይቀንሳል የሚባለው እውነት ነው፤ ምን ያህል ለሚለው ግን ቁጥሮቹን እንይ። ሁሉም ዕቃ የሚችለው ኤስቢሲ የተባለው አጨማመቅ በሴኮንድ እስከ 328 ኪሎ ቢት ይልካል። አይፎኖች የሚጠቀሙበት ኤኤሲ 256 አካባቢ ነው። የሶኒው ኤልዳክ እስከ 990 ይደርሳል፤ አንድሮይድ ስልኮች ከ8.0 ጀምሮ ሊልኩት ይችላሉ፣ ማዳመጫውም ግን ሊቀበለው ይገባል። ከዩቲዩብ የምትሰሙት ሙዚቃ ራሱ በአብዛኛው ከ128 እስከ 160 ኪሎ ቢት ነው። በቴሌግራም እየተቀባበልን የደረሰን መዝሙርና ዘፈን ደግሞ ስንት ጊዜ ተጨምቆ እንደመጣ ማን ያውቃል። እንዲህ ላለው ምንጭ ኤልዳክ ብሎ ተጨማሪ መክፈል ትርጉም የለውም።

ከአጨማመቁ ይበልጥ ድምፁን የሚወስነው የጆሮው ጎማ ነው። ጎማው ጆሮን በደንብ ካልዘጋ ባሱ ይፈሳል፤ ውድ ማዳመጫም ቢሆን ቀጭን ድምፅ ይሰጣል። አብረው የሚመጡትን ሦስት መጠኖች ሞክሩ፤ ለግራና ለቀኝ ጆሮ የተለያየ መጠን ማስፈለጉም ያጋጥማል።

ትልቅ ባለገመድ ሄድፎን የምትገዙ ከሆነ ኦሙን (ለኤሌክትሪክ ያለውን መቋቋም) እዩ። ለስልክ ከ16 እስከ 32 ኦም ይበቃል። የስቱዲዮ ሄድፎኖች በ80 እና በ250 ኦምም ይሠራሉ፤ 250ውን ስልክ ላይ ሰክታችሁ ድምፁን እስከ መጨረሻ ብትጨምሩትም አያጠግባችሁም። የተሠራው አምፕሊፋየር ለሚባለው ማጉያ ነው።

ጥሪ፣ ስብሰባና ትምህርት

ብሉቱዝ በእውነት የሚያንሰው እዚህ ላይ ነው። የብሉቱዝ ማዳመጫ ሁለት መንገድ አለው። አንዱ ለማዳመጥ ብቻ ነው፤ በስቴሪዮ ጥሩ ድምፅ ያመጣል። ሌላው ለስልክ ጥሪ ነው፤ ማይኩም ማዳመጫውም በአንድ ጊዜ ይሠሩበታል፣ ጥራቱ ግን ይወርዳል። ሙዚቃ በሴኮንድ 44,100 ጊዜ ይለካል፤ በጥሪው መንገድ ግን 16,000 ወይም 8,000 ጊዜ ብቻ። ዙም ወይም ጉግል ሚት ስትከፍቱ ድምፁ ወዲያው እንደ ድሮ የቤት ስልክ የሚሆነው ማይኩ ሲከፈት ኮምፒውተሩ ወደዚህኛው መንገድ ስለሚቀይር ነው።

መፍትሔው ቀላል ነው። በስብሰባው መተግበሪያ የድምፅ ቅንብር ውስጥ ማዳመጫውን እንደ ስፒከር ተዉት፣ ማይኩን ግን የላፕቶፑን ምረጡ። ድምፁ ተመልሶ ይጠራል። ኤልኢ ኦዲዮ የተባለው አዲሱ የብሉቱዝ አሠራር ይህን ችግር ያቃልላል፤ የሚሠራው ግን ስልኩም ማዳመጫውም ሲደግፉት ነው።

ባለገመዱ በዚህ በኩል አንድ ጥሩ ነገር አለው፤ ማይኩ አገጭ አጠገብ ስለሚንጠለጠል ድምፃችሁን ከቅርብ ይይዛል። የኤርፖዱ ማይክ ጆሮ ላይ ስለሆነ ነፋስና የመንገድ ጩኸት ይጋፋዋል። ዐረብ አገር ካለች እህት ጋር በኢሞ አንድ ሰዓት ለሚያወራ ሰው ባለገመዱ ይመቻል፣ በተለይ የዛኛው ወገን ጆሮ እንዳይሰለች። ገመዱ ነጠላ ወይም ጃኬት ላይ ሲታሽ ግን ለሰሚው እንደ ማዕበል ይሰማዋልና ማይኩን በመቆንጠጫ ልብስ ላይ አስይዙት።

ዘግይቶ የሚደርስ ድምፅ

በብሉቱዝ ድምፅ ከስልክ ተነሥቶ ጆሮ እስኪደርስ እንደ ዕቃው ከ150 እስከ 250 ሚሊ ሴኮንድ ይቆያል። ዩቲዩብን የመሳሰሉ መተግበሪያዎች ይህን ስለሚያውቁ ምስሉንም በዚያው ልክ ያዘገዩታል፤ ስለዚህ ከንፈርና ቃል አይለያዩም። ጌም ግን መዘግየቱን ማካካስ አይችልም። ፐብጂ የሚጫወት ሰው ኮቴ ሲሰማ ጠላት ከደረሰ ቆይቷል። «ጌም ሞድ» የሚባለው ልዩነቱን ያጠብበዋል እንጂ አያጠፋውም። በስልክ ወይም በኮምፒውተር ኪቦርድ የሚጫወት፣ ድምፁን እየሰማ መዝሙር የሚቀዳ፣ ቪዲዮ የሚያቀናብር ሰው ባለገመድ ብቻ ይያዝ።

ኤፍ ኤም ሬዲዮ

ብዙ ሰው ብሉቱዝ ከገዛ በኋላ ነው የሚያስታውሰው። ስልክ ውስጥ ያለው የኤፍ ኤም ሬዲዮ የኢርፎኑን ገመድ እንደ አንቴና ይጠቀምበታል። ሸገር 102.1ን ወይም ፋና 98.1ን የመሰለ ጣቢያ የሞገዱ ርዝመት 3 ሜትር ገደማ ነው፤ ለመቀበል ሩቡ፣ ማለትም 75 ሴንቲ ሜትር ሽቦ በቂ ነው። የኢርፎን ገመድ ደግሞ ከአንድ ሜትር ይበልጣል። ብሉቱዙ ይህን አይሰጥም፤ ስልኩም «ማዳመጫ ይሰኩ» ብሎ እምቢ ይላል። ዳታ ሳያወጣ ሬዲዮ የሚሰማ ሰው፣ ብሉቱዝ ቢገዛም እንኳ አንድ ርካሽ ባለገመድ ሊኖረው ይገባል። በአንዳንድ ስልኮች ባለገመዱን እንደሰካችሁ ሬዲዮውን በስፒከር ማሰማት ይቻላል።

ባትሪው ስንት ጊዜ ይቆያል?

የአንድ ኤርፖድ ፍሬ ባትሪ ከ30 እስከ 60 ሚሊ አምፔር ሰዓት ያህል ነው፤ ኬዙ ደግሞ ከ300 እስከ 500። ስልካችሁ 5,000 እንደሚይዝ አስቡት። የሊቲየም ባትሪ ከ300 እስከ 500 ጊዜ ሙሉ ለሙሉ ተሞልቶ ከተራገፈ በኋላ አቅሙ ወደ 80 በመቶ ይወርዳል፤ ከዚያ በኋላም መውረዱ ይቀጥላል። በየቀኑ እስኪያልቅ ለሚጠቀም ሰው 500 ዙር ማለት አንድ ዓመት ከአራት ወር ገደማ ነው። ትንሽ ባትሪ ላይ ደግሞ የአቅም መቀነሱ ቶሎ ይታወቃል፤ አምስት ሰዓት ይሠራ የነበረው ወደ ሦስት ይወርዳል። ሁልጊዜ በአንዱ ጆሮ ብቻ ስልክ የሚያነጋግር ሰው ያቺን ፍሬ ቀድሞ ይጨርሳታል፤ እያፈራረቃችሁ ተጠቀሙ።

አንገት ላይ የሚንጠለጠለውና ትልቁ ሄድፎን ከዚህ ይሻላሉ። ባትሪያቸው ትልቅ ስለሆነ በአንድ ቻርጅ ብዙ ሰዓት ይሄዳሉ፤ ስለዚህ ዙራቸው ቀስ ብሎ ያልቃል። አንገት ላይ የሚንጠለጠለው ፍሬው አይጠፋም፣ ታክሲ ውስጥም አይወድቅም፤ ፋሽኑ አለፈ ተብሎ መናቁ ተገቢ አይመስለንም። ብዙ ትልልቅ የብሉቱዝ ሄድፎኖች ባትሪያቸው ቢያልቅም በ3.5 ገመድ ይሠራሉ (ማይካቸው ግን ብዙውን ጊዜ አይሠራም)። የአውሮፕላን መቀመጫ ስክሪን አሁንም በአብዛኛው ገመድ ስለሚፈልግ፣ ወደ ዋሽንግተን ወይም ወደ ዱባይ ለሚመላለስ ሰው እንዲህ ያለው ሁለቱንም ይሸፍንለታል።

መብራት መጥፋቱ የሚፈራውን ያህል አያስቸግርም፤ ኬዙ ፍሬዎቹን ሁለት ሦስት ጊዜ ይሞላል፣ ከፓወር ባንክም ጥቂት ነው የሚወስደው። የሚያስቸግረው ሌላ ነው። ኬዙን በሁለቱም ጫፍ ዩኤስቢ ሲ በሆነ ገመድ ከአዲስ ቻርጀር ጋር ስታገናኙ ጭራሽ ላይሞላ ይችላል። አምራቹ ወጪ ለመቀነስ ሁለት ጥቃቅን ሬዚስተሮች ስለሚያስቀር ቻርጀሩ ዕቃ መሰካቱን አያውቅም። በድሮው ሰፊ የዩኤስቢ ጫፍ ገመድ ሰኩት፣ ይሞላል።

አንዱ ፍሬ አልሞላም ካለ ባትሪው ሞቷል ብላችሁ አትደምድሙ። በኬዙ ውስጥ ያሉትን የወርቅ ቀለም እግሮችና የፍሬውን ነጥቦች በደረቅ ጥጥ ወይም በጥቂት አልኮል ጥረጉ፤ ላብና የጆሮ ኩክ ይሸፍናቸዋል። ድምፁ የቀነሰው ፍሬም አብዛኛውን ጊዜ ወንፊቱ በኩክ ተደፍኖ ነው። ወንፊቱን ወደ ታች ዘቅዝቃችሁ በደረቅ የጥርስ ብሩሽ ጥረጉት፤ በመርፌ አትውጉት። ኬዙን ለወራት ባዶውን አታስቀምጡ፤ ባትሪው ከተወሰነ ቮልት በታች ከወረደ በኋላ አይነሣም። ግማሽ ያህል ሞልታችሁ ከፀሐይ አርቁት።

ገመዱ ሲበጠስ

ገመድ የሚበጠሰው በሁለት ቦታ ነው፤ አብዛኛውን ጊዜ ጃኩ ሥር፣ አለዚያም ገመዱ ለሁለት በሚከፈልበት ቦታ። ምልክቱ አንድ ጆሮ መጥፋትና ስታንቀሳቅሱት መመለስ ነው። ግን ከመጠገናችሁ በፊት የስልኩን ቀዳዳ እዩ፤ ከኪስ የገባ ብናኝ ተጠቅጥቆ ጃኩን እስከ መጨረሻ አያስገባም። ስልኩን አጥፍታችሁ በእንጨት ስቴኪኒ ቀስ ብላችሁ አውጡት።

ጃኩ ሥር ከሆነ ጥገናው አጭር ነው። ከጃኩ በላይ አራት ሴንቲ ሜትር ያህል ቆርጦ አዲስ ጃክ መበየድ ነው። ውስጡ ያሉት ቀጫጭን ሽቦዎች ቀለም የተቀቡ ስለሆኑ፣ በካውያውና በመበየጃው እርሳስ ቀለሙ ካልተቃጠለ እርሳሱ አይይዝም። ብዙ ጥገና የሚከሽፈው እዚህ ላይ ነው። ቀዩ ለቀኝ፣ አረንጓዴው ወይም ሰማያዊው ለግራ፣ የመዳብ ቀለም ያለው ለግራውንድ ነው። ጃኩ ላይ ጫፉ ግራ፣ ቀጥሎ ያለው ቀለበት ቀኝ ነው። ሲያልቅ በመልቲሜትር ከጫፉ እስከ ግራውንድ 16 ወይም 32 ኦም አካባቢ ካነበበ ተሳክቷል፤ ምንም ካላነበበ ሌላ ቦታም ተበጥሷል ማለት ነው።

ተነቃይ ገመድ ያለው ኢርፎን ብትገዙ ይህ ሁሉ ይቀርላችኋል፤ ገመዱን ብቻ መለወጥ ነው። ከመግዛታችሁ በፊት የማያያዣውን ዓይነት እወቁ (0.78 ሚሊ ሜትር ባለ ሁለት እግር ወይም ክብ ኤምኤምሲኤክስ)፣ ምትክ ስትፈልጉ ይጠየቃልና። ከተቻለ ጫፉ የተጣጠፈ ጃክ ምረጡ፤ ኪስ ውስጥ ቀጥ ካለው ይልቅ ይቆያል። ስልኩ ላይ አጥብቆ መጠቅለልና ገመዱን ይዞ መንቀል የኢርፎንን ዕድሜ በግማሽ ያሳጥራሉ ብንል ማጋነን አይሆንም።

መንገድ ላይ

በእግር የሚሄድ፣ ስፖርት የሚሠራ፣ ወጥ ቤት ውስጥ እየሠራ የሚሰማ ሰው ብሉቱዝ ይግዛ። ገመድ የበር እጀታ ይይዘዋል፣ ስልክን ይጎትታል። ለላብ ቢያንስ አይፒኤክስ 4 የሚል ጽሑፍ ያለውን ፈልጉ። ብሉቱዝ ሰው በበዛበት ቦታ ከተቆራረጠባችሁ ስልኩን ከኋላ ኪስ ወደ ላይኛው ኪስ አውጡት፤ የሰው ገላ ውኃ ስለሆነ ይህን ሞገድ ያዳክመዋል።

ጩኸት የሚያጠፋው ኤኤንሲ የሚሠራው ለማያቋርጥ ወፍራም ድምፅ ነው፤ ለአውቶቡስ ሞተር፣ ለጀነሬተር፣ ለአውሮፕላን። የረዳቱን «መገናኛ፣ መገናኛ!» ጥሪና የጎረቤት ወሬ አያጠፋም። መንገድ ስትሻገሩ ደግሞ አጥፉት፣ አለዚያም አንዱን ፍሬ አውጡ።

ኤኤንሲ የሚጠቅመው በሌላ በኩል ነው፤ ሚኒባስ ውስጥ ድምፅ እንዳንጨምር ይረዳል። የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂ 80 ዲሲቤል በሳምንት 40 ሰዓት ይፈቅዳል። በየ3 ዲሲቤሉ የሚፈቀደው ጊዜ በግማሽ ይቀንሳል፤ 90 ላይ ሲደርስ የሚቀረው በሳምንት 4 ሰዓት ብቻ ነው። ለልጅ ገደቡ 75 ነው። በደንብ የሚዘጋ ጎማም ያለ ኤኤንሲ ብዙውን ሥራ ይሠራል፣ በባለገመድም ቢሆን።

ሱቅ ውስጥ

በጀቱ ጠባብ ከሆነ፣ ስልኩ ቀዳዳ ካለውና በአብዛኛው ተቀምጣችሁ የምትሰሙ ከሆነ፣ ደህና ባለገመድ ከርካሽ ኤርፖድ ይበልጣል። የምትንቀሳቀሱ ከሆነ ብሉቱዙን ውሰዱ፣ በሁለት ዓመት ውስጥ እንደሚለወጥ አስባችሁም ዋጋውን መዝኑ። ለተማሪ ሁለቱንም እንመክራለን፦ መካከለኛ ብሉቱዝና በቦርሳ ጥግ የሚቀመጥ ርካሽ ባለገመድ።

ባለገመዱን ስትሞክሩ ሙዚቃ ከፍታችሁ ገመዱን ጃኩ ሥርና መከፈያው ላይ አወዛውዙት፤ ከተቆራረጠ ሌላ ይምጣ። ብሉቱዙን ስትሞክሩ ለሰው ደውሉና ድምፃችሁ እንዴት እንደሚሰማ ጠይቁ፤ ሱቅ ውስጥ ሙዚቃ ብቻ ሰምቶ የሚወጣ ሰው ማይኩን ቤቱ ገብቶ ነው የሚያውቀው። ሁለቱንም ፍሬ ከኬዙ አውጥታችሁ መልሱ፣ በየተራም ሞክሯቸው። አይፎን ላይ የኤርፖድ ሥዕልና የባትሪ መጠን ብቅ ማለቱ ኦርጅናል ለመሆኑ ማስረጃ አይሆንም፤ ኮፒዎቹም ያሳያሉ፣ ሴሪያል ቁጥሩንም ከእውነተኛ ዕቃ ላይ ይገለብጣሉ። በመጨረሻ ሻጩን ተለዋጭ ጎማ እንዳለውና አንዱ ፍሬ ቢጠፋ ለብቻው እንደሚሸጥ ጠይቁት፤ ለብዙዎቹ ርካሽ ኤርፖዶች ነጠላ ፍሬ ስለማይገኝ አንዱ ሲጠፋ ሌላውም አብሮ ይሄዳል።